የእትዬ የሺን እግር ይዘን ወደ ጉራጌ አገር

እኔ ጉራጌ አገር የሄድኩት ለጉብኝት አይደለም፤ እግር ሆኜ ነው። ከተመለስን ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ «እስቲ አውሪን፣ እንዴት ያለ አገር ነው?» እያለ ቡና በጠጣን ቁጥር ያስለፈልፈኛል። አንዴ ልጻፈውና ልረፍ ብዬ ነው እንጂ እኔ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ቸርቻሪ ነኝ፣ ጽሑፍ ሙያዬ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ እትዬ የሺ በሁለቱም እግሯ ከአውራ ጣቷ ሥር ያለው አጥንት ወደ ውጭ ወጥቶ ጉብ ብሏል። አውራ ጣቷ ደግሞ ጎረቤቶቹን ገፍቶ ተጋድሞባቸዋል። የቀኙ ይብሳል። ሐኪም አይቶ «አጥንቱ ነው፣ ሰፊ ጫማ አድርጊ» ብሎ ሸኛት። ሰፊ ጫማ የሚባለው የት አገር እንደሚሸጥ ግን አልነገራትም። እሷ ደግሞ ያንን እግር አውጥታ ለባለሱቅ ከምታሳይ ሞቷን ትመርጣለች። ስለዚህ ለእሷ ጫማ ሲገዛ የምለካው እኔ ነኝ። ሁለታችንም ሠላሳ ስምንት ነን። እኔ እለካለሁ፣ እሷ ቆማ «ያምራል» ትላለች፣ ገዝተን እንወጣለን፣ ቤት ስንደርስ አድርጋው ታለቅሳለች። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ በካልሲ ነው የምንኖረው፤ ከሐኪሙና ከእኔ በቀር እግሯን ያየ ሰው የለም ብል አላጋነንኩም።

ይኼ ሁሉ የእኛ የእህትማማቾች ጣጣ ሆኖ ይቀር ነበር፣ ልጇ ዳዊት ባይኖር። ዳዊት ቡታጅራ የውሃ ሥራ መሐንዲስ ነው። እዚያ ሳለ ሰናይት የምትባል የቸሃ ጉራጌ ልጅ ወደደ። የልጅቱ ቤተሰቦች ታዲያ ለመስቀል እናቱን ጠሩ። ለጉራጌ መስቀል ማለት ከያለበት ተሰብስቦ የሚገባበት በዓል ነው፤ ለዚያ ቀን ባዕድ መጥራት ትልቅ ክብር ነው። እኔ እግር ሆኜ ጥቁር የቆዳ ጫማ ተገዛ። እትዬ በመንገዷ ቀን ማለዳ አደረገችው፣ ከቤት እስከ አጥሩ በር ሄደች፣ ተመለሰች፣ ስልክ አንስታ ለልጇ «ብርድ መታኝ» አለችው። በቃ፣ ቀረች።

የልጅቱ ወገኖች ምን ይበሉ? «እናቱ ልጃችንን ንቃለች» አሉ። የከፋው ግን ዳዊት ራሱ እንደዚያው ማሰቡ ነው። «ጉራጌ ስለሆነች ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ አንድ ቀን በስልክ። እኔ እውነቱን አውቃለሁ፣ ግን እትዬ በማርያም አስምላኛለች። «እኔ ምን አውቅልህ» አልኩት። ጥቅምት ላይ ከእነ ሰናይት ቤት መልእክት መጣ፦ እናቱ አንድ ጊዜ ትምጣና ዓይኗን እንይ፤ ካልመጣች ነገሩ እዚህ ላይ ይቁም። ይኼ ጉዞ ያ ጉዞ ነው።

ሰኞ፣ ከደብረ ብርሃን ቡታጅራ

ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። እኔ ለአማቾች ብርድ ልብስና አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ተሸክሜያለሁ። እትዬ ያንን ጥቁር ጫማ በፌስታል ይዛ፣ እግሯ ላይ ካልሲና የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርጋለች። «ልንደርስ ስንል እቀይራለሁ» አለችኝ። አዲስ አበባ መኪና ቀይረን ወደ ደቡብ ስንወርድ፣ ጢያ ላይ ሾፌሩ «የጥንት የተቀረጹ ድንጋዮች ያሉት እዚህ ነው» ብሎ በጣቱ አሳየ። እኔ ያን ጊዜ ወንበር ሥር ገብቼ የእትዬን ነጠላ ጫማ ስፈልግ ነበር። ድንጋዮቹን እንዳላየሁ ይታወቅልኝ።

ቡታጅራ ሙቀት ነው። እኛ ጋቢ ደርበን ስንወርድ እዚያ ሰው በስስ ሸሚዝ ይንሸራሸራል፤ ባጃጁ ደግሞ እንደ ንብ ነው። ዳዊት መናኸሪያ ጠበቀን። እኔን አንቆ ሳመኝ። እናቱን ግን እንደ ባለሥልጣን እንግዳ ትከሻዋን ነካ አድርጎ «እንኳን ደህና መጣሽ» አላት። እትዬ ቅዝቃዜው ገብቷታል፣ ግን ምን ትበል፤ ጫማዋን መንገድ ዳር ግንብ ተደግፋ ቀየረች። እስከ ቤቱ ድረስ ከንፈሯን ነክሳ ነው የሄደችው።

ያረፍነው ዳዊት በተከራየበት ግቢ ነው። አከራዩ ወይዘሮ ዘይነባ ይባላሉ፣ በበርበሬ ንግድ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ዳዊት «ማዘር» ነው የሚላቸው። «አሰላሙ አለይኩም! ግቡ፣ ግቡ፣ ቤታችሁ ነው!» እያሉ ተቀበሉን። እኛም ልንገባ ስንል ደጃፉ ላይ የተሰለፉትን ጫማዎች አየን። እዚያ ቤት በጫማ አይገባም፣ ምንጣፉ ላይ ይሰገድበታል። እትዬ ያንን መከረኛ ጫማ ገና ማድረጓ፣ ገና ማውለቋ! ካልሲዋን ግን እንቢ አለች። ወይዘሮ ዘይነባ «በዚህ ሙቀት እግርሽ እኮ ሊበስል ነው» ቢሏት «ልማዴ ነው» ብላ ቀሚሷን ወደታች ሳበች።

ምግብ ሲቀርብ ሴትየዋ እኛ ሳንጠይቅ «ሥጋችንን እንደማትበሉ አውቃለሁ። አትስጉ፣ ጎመንና አይብ ነው» አሉን። ይኼ ልቤን ነካው። አንድ ግቢ ከሌላ እምነት ሰው ጋር የኖረ ሰው እንዲህ ነው፤ እንግዳው ሳያፍር በፊት ቀድሞ ያስባል። ከጎመኑ ጋር ቆጮ ቀረበ። እንጀራ ይታጠፋል፣ ቆጮ ግን እንደ ዳቦ ይቆረጣል፤ ኮምጠጥ ብሎ ደግሞ ጥርስ ላይ ያዝ ያደርጋል። መጀመሪያ አፌ አመነታ፣ ትንሽ ቆይቶ ታረቀ። ዳዊት እኔን «ብዪ አክስቴ» እያለ ያጎርሰኛል። ለእናቱ ግን ሳህኑን ገፋ ከማድረግ በቀር አላጎረሳትም።

ማክሰኞ፣ ቡታጅራ

ጥቁሩ ጫማ እንደማይሆን ለሁለታችንም ግልጽ ነበር። ዳዊት ሥራ ሲሄድ ጠብቀን ወይዘሮ ዘይነባን «ጫማ መግዛት ፈልገን ነበር» አልናቸው። «ለማን?» አሉ። እትዬ ቀደም ብላ «ለእሷ» ብላ ወደ እኔ አመለከተች። በስመአብ! ውሸቷን ሳይሆን ፍጥነቷን ነው ያደነቅኩት።

ከእሳቸው ጋር ገበያው ውስጥ ስናልፍ በርበሬው አስነጠሰን። እኛ አገር ገበያ ስትገቢ የበግና የኩበት ሽታ ነው የሚቀበልሽ፤ እዚያ በርበሬና ሚጥሚጣ ነው። ጫማ ተራ ላይ አንድ ወጣት ሻጭ ያዘን። ፀጉሩን ወደ ላይ ያቆመ፣ አፉ ማር የሆነ ልጅ ነው። «ማዘር፣ ይሄ ኦሪጅናል ቆዳ ነው። ቢጠብሽ አታስቢ፣ ሲረገጥ ይሰፋል» አለኝ። እኔ ምን ይጠበኛል፣ እግሬ እንደ ማንኪያ ነው የሚገባው። እትዬ ከኋላዬ ጎኔን ጎሸም አድርጋ «ሠላሳ ዘጠኝ አምጣ በዪው» አለችኝ። ቁጥሩ ሲጨምር ይሰፋል ብላ ነው። እኔም ያኔ እንደሷ ነበር የማስበው።

ሠላሳ ዘጠኝ ቡናማ ገዛን። ወይዘሮ ዘይነባ መንገድ ላይ እግሬን እያዩ «ለሷ እኮ ሠላሳ ስምንቱ ልክ ነበር» ብለው ሁለት ጊዜ ተናገሩ። ቤት ስንገባ እትዬ ጓዳ ገብታ አደረገችው። ወደፊት ረዝሟል፣ ተረከዟ ውስጡ ይዋኛል፣ ጉብታዋ ላይ ግን ያው ነው። ለካ ቁጥር የሚጨምረው ርዝመቱን ነው! ይኼን ለማወቅ ይኼን ያህል ዕድሜ ፈጀብን። አንዲት ጎረቤት «የራሰ ጋዜጣ ጠቅጥቁበትና አሳድሩት፣ ይለቃል» ስላለችን ጠቀጠቅነው። ጠዋት ጫማው እንደነበረ ነው፣ ውስጡ ግን በቀለም ጠቁሯል፤ የእትዬ ነጭ ካልሲም አብሮ ጠቆረ። ሳቄ መጣ፣ እሷ ግን አልሳቀችም።

ረቡዕ፣ በአገና በኩል ወልቂጤ

ወይዘሮ ዘይነባ አንድ ላስቲክ በርበሬ አስይዘው፣ እኛንና ዳዊትን እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኙን። እትዬን ለብቻ ያዝ አድርገው «አላህ የልጅሽን ነገር ያሳምርልሽ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ትንሽ ከፍቶታል ብቻ» አሏት።

ሚኒባሱ ተራራውን ሲወጣ ዝናብ ጣለ። በጥቅምት! ሾፌሩም ገረመው። አካባቢው ሁሉ ትልልቅ ቅጠል ነው፣ ቤቱ ሁሉ በቅጠል ተከቦ ጣሪያው ብቻ ይታያል። እኔ ዝም ማለት የማልወድ ሰው «አቤት ሙዝ!» አልኩ ጮክ ብዬ። መኪናው በሳቅ ፈረሰ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «እንሰት ነው እንጂ ምን ሙዝ አለ። ፍሬ አይጠበቅበትም፣ ራሱን ነው የምንበላው» ብላ አስረዳችኝ። ተፍቆ፣ ጉድጓድ ተቀብሮ፣ ቆይቶ ነው አሉ ቆጮ የሚሆነው። ተክሉ ራሱ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። እኛ ገብሱ በዓመቱ ካልደረሰ ሰማይ ምድሩ ይዞርብናል፤ እነሱ ምግባቸውን አጥራቸው ሥር አቁመው፣ ሲፈልጉ ይቆርጣሉ። ቀናሁ፣ ምን ይደበቃል።

እትዬ ቡናማውን ጫማ አድርጋ ነበር፣ ዳዊት ከጎኗ ስለተቀመጠ። ግን ዳገቱ መሐል ላይ ሕመሙ ሲብስባት ቀስ ብላ የቀኙን አወለቀችው። ተረከዙ ሰፊ ነው፣ ሶሉ አዲስ ነው፣ ወለሉ እርጥብ ነው፤ ሚኒባሱ ዘጭ ሲል ጫማው ተንሸራቶ ወደ ኋላ ሄደ። አገና ልንደርስ ስንል ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጫማውን ከፍ አድርገው «ይህቺ ጫማ የማን ናት? ብቻዋን አገና ልትወርድ ነው!» አሉ። ጫማው ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ወደ ፊት መጣ። አንዱ ያገላብጠዋል፣ አንዷ «ለማን ነው ይኼ ሁሉ ርዝመት?» ትላለች። ያቺ ቆጮ ያስተማረችኝ ሴት ተቀብላ ለእትዬ ልታደርግላት ጎንበስ ስትል፣ እትዬ እግሯን ነጥቃ ወንበር ሥር ደበቀችው። ሴትየዋ ደነገጠች። እትዬ «ተዪው፣ ተዪው እህቴ» አለች፣ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ። ዳዊት በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከት ነበር፣ የቱን ያህል እንዳየ አላወቅኩም።

ለማደር ወልቂጤ ከሰዓት በኋላ ገባን። ከተማው ቁልቁል ነው፣ ሞቅ ያለ ነው፣ ተማሪ ይበዛበታል። አንድ ንጹሕ ፔንሲዮን ይዘን፣ ጾም ስለሆነ በሽሮና በጎመን በላን። ክፍላችን ስንገባ የእትዬ ቀኝ እግር አብጦ ካልሲው ሊተረተር ደርሷል። አልጋው ላይ ተቀምጣ «ነገ እናንተ ሂዱ። ታማለች በሉልኝ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። «ለመስቀልም ታመሽ ነበር!» አልኳት። «ሁለተኛ ከታመምሽ ምን ብለው ይመኑሻል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም? እኔም እግሬን ለአንቺ ማዋስ ሰልችቶኛል። የእኔ እግር ያንቺ አይደለም፣ ሆኖም አያውቅም!»

ስጮህ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ዳዊት ውሃ ገዝቶ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ስለ እግሩ ያልኩት አልገባውም፤ ልቡ ላይ የቀረው «ታማለች በሉልኝ» የሚለው ነው። ውሃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ተያት አክስቴ። የማትፈልገውን ነገር አታስገድጃት» ብሎ ወጣ። ኮቴው ሲርቅ ወደ እትዬ ዞርኩ።

«ንገሪው» አልኳት።

«አልችልም» አለች። እንባዋ ወረደ። «አባቱ ከሞተ ጀምሮ ቆሜ ነው ያሳደግኩት። በዚህ እግር ቆሜ። አሁን እንዴት ብዬ በጫማ ተሸነፍኩ እለዋለሁ?» ትንሽ ቆይታ ካልሲዋን ራሷ አወለቀችና እግሯን ወለሉ ላይ አሳረፈች። «በይ፣ ካወቅሽ አንድ ነገር አድርጊ።»

የማውቀው ነገር ነበረኝ እንዴ? አልነበረኝም። ዓይኔ ግን የቡናማው ጫማ ካርቶን ላይ አረፈ። ክዳኑን ወለሉ ላይ ዘርግቼ «ቁሚበት» አልኳት። ተቀምጣ ሲሆን እግር ጠበብ ይላል፣ ስትቆሚ ይንጣለላል፤ ይኼን እንኳ ገና ያኔ ልብ አልኩ። በእስክሪብቶ ዙሪያውን ቀዳሁት፣ ሁለቱንም። የፔንሲዮኗ ሠራተኛ መቀስ አዋሰችኝና ቆረጥኩት። ካርቶኑን አንስቼ ሳየው ደነገጥኩ። ስንት ዓመት ጎኗ እየኖርኩ ያ እግር ምን ያህል ሰፊ ቦታ እንደሚፈልግ ገብቶኝ አያውቅም።

ሱቆች ሳይዘጉ ወጣን፤ እሷ በነጠላ ጫማዋ፣ እኔ ካርቶን እግር በእጄ። እንደ እውነቱ ሰዓቱም ደግ ነበር፤ እግር ማታ ማታ ሲያብጥ የለካሽው ጫማ ቀን አይከዳሽም። የመጀመሪያው ሱቅ ገብቼ ካርቶኑን የሴት ጫማ ውስጥ ከተትኩት፤ ጎኑ ላይ ተጣጠፈ። ሻጯ «ሶል ልትሠሪ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሁለተኛው ሱቅ ተጣጠፈ። ሦስተኛው ጭራሽ አልገባም፣ ፊቱ ሾጣጣ ነው፤ ይኼን ጫማ የሠራው ሰው ጣት አይቶ አያውቅም እንዴ? አንዳንዱ ደግሞ ስፋቱ ደህና ይሆንና፣ እጄን ሰድጄ ስዳብስ ልክ ጉብታው የሚያርፍበት ላይ ወፍራም ስፌት አገኛለሁ። ያቺ ስፌት ናት ሌሊቱን ሙሉ የምታስለቅሳት። ተረከዝ ያለውን ከሩቁ ተውነው፣ ሰውነትን ሁሉ ወደ ጣት ነው የሚገፋው። ባለሱቆቹ መጀመሪያ ሳቁብኝ። በኋላ ግን ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው «ያቺ ካርቶን ይዛ የምትዞረዋ መጣች» እየተባባሉ ራሳቸው እያወረዱ ይሞክሩልኝ ጀመር።

መጨረሻ ላይ የወንድ ጫማ ብቻ የሚሸጥበት ቤት ገባን። ከላይ እንደ ሹራብ የተሠራ፣ ስትስቢው የሚለጠጥ፣ ማሰሪያ ያለው፣ አመድማ ስኒከር አለ። ካርቶኑን ከተትኩት። ጠፍጣፋ ሆኖ ተኛ፣ የትም አልተጣጠፈም። «እትዬ!» አልኩ፣ ጮኽኩ መሰለኝ።

«የወንድ ነው እኮ» አለች።

«እግርሽ ወንድና ሴት አይለይም።»

«በሐበሻ ቀሚስ? አማቾቼ ፊት?»

ሻጩ ጣልቃ ገብቶ «ማዘር፣ አሁን እኮ ሙሽሮቹ ራሳቸው በቀሚስ ስኒከር ነው የሚጨፍሩት» አለ። እትዬ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ካልሲዋን እንዳደረገች፣ ቀሚሷን እግሯ ላይ ዝቅ አድርጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ለካች። ተነስታ ሲሚንቶው ላይ ወዲያ ወዲህ አለች። ከዚያ ቆመችና «ውይ» አለች፣ ሰው ሸክም ሲያወርድ እንደሚለው። እኔ ከእግርነት የተሻርኩት ያኔ ነው።

ሐሙስ፣ ቸሃ

በማግስቱ ጠዋት ዳዊት ብቻዬን ነው የምሄደው ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። እናቱ በነጭ ቀሚስና በአመድማ ስኒከር ስትወጣ ሲያይ ግራ ገባው። «ትመጫለሽ?» አላት። «መጣሁ እኮ» አለችው። በሚኒባስ እስከ እምድብር ሄድን፣ ከዚያ ሰናይት መንገድ ድረስ መጥታ ተቀበለችን። ቀጭን፣ ዓይነ አፋር፣ ግን ሰው ስትጨብጥ ጠበቅ አድርጋ የምትይዝ ልጅ ናት። እትዬን ጉልበቷን ልትስም ዝቅ አለች። እትዬም ቀና አድርጋ ሳመቻት። ሁለቱም ፈርተዋል፤ እኔ መሐላቸው ቆሜ ስለ ዝናቡ ለፈለፍኩ።

የእግር መንገዱ ጭቃ ነው፣ ግን ከእንሰቱ መሐል ስንወጣ ጀፎረ የሚሉት መንደሩ መሐል ያለው ሰፊ መንገድ ተዘረጋ። ሣር ለብሷል፣ ግራና ቀኝ ጎጆዎቹ በሥርዓት ተደርድረዋል፣ ትልልቅ ዛፎች አሉ። እኛ አገር መንደር ማለት የድንጋይ ካብ፣ በካቡ መሐል ደግሞ አንድ አህያ የምታሳልፍ ጠባብ መተላለፊያ ነው። እዚያ ግን መንገዱ ራሱ የመንደሩ ሳሎን ይመስላል፣ ሰው ይሰበሰብበታል፣ ይለቀስበታል፣ ይዳኝበታል። ዞር ብዬ እትዬን ሳይ የለችም። ቀድማን ሄዳለች! እህቴ፣ ሁልጊዜ ከኋላ የምትጎተተው፣ ሣሩ ላይ ነጠላዋን እያስተካከለች ከፊታችን ትራመዳለች። ዳዊት አይቷት «ፈጥና ሄደች» አለኝ።

የእነ ሰናይት ቤት ትልቅ ክብ የሣር ጎጆ ነው፣ መሐሉ ላይ አንድ ወፍራም ምሰሶ ቆሟል። ጅባ የሚሉት ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ግድግዳው ላይ የተወለወለ ዕቃ በሥርዓት ተሰቅሏል። አባቷ አቶ ዘርጋ በረጅሙ ሰላም አሉንና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጡ። እናቷ ወይዘሮ ብርሃኔ ቁመተ ረጅም፣ ንግግሯ ጥቂት ሴት ናት። ብርድ ልብሱንና ዳቦ ቆሎውን ተቀበለችኝ፣ አመሰገነችኝ። ዓይኗ ግን ከእትዬ ላይ አልተነሳም። ክትፎ በሸክላ ጣባ ቀርቦ እንሰት ቅጠል ላይ ቆጮው ተቆርጧል፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ማንም ግን «ብሉ» አላለም።

ከሩቅ መንገድ የመጣ እንግዳ እግሩ ይታጠባል፣ ጭቃም ነበረብን። ሰናይት ሳፋና ለብ ያለ ውሃ ይዛ መጣች። መጀመሪያ እትዬ ጋ ተንበረከከች። ስኒከሩን ፈትታ አወለቀችላት። እጇ ወደ ካልሲው ሲሄድ እትዬ እግሯን ወደ ኋላ ሳበች።

በአማቾች ፊት፣ ልጅቱ ተንበርክካ ሳለ፣ እግርን መንጠቅ! ሰናይት አንገቷን ደፋች። ወይዘሮ ብርሃኔም ያን ጊዜ ተናገረች፣ ቀስ ብላ፣ በአንቺታ፣ ሴት ለሴት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለመስቀል ጠብቀንሽ ነበር። ድርሻሽን አስቀምጠን፣ ኮቴ በሰማን ቁጥር በር በሩን እያየን። ዘመድ ሁሉ የታለች እናቱ ሲለኝ መልስ አጣሁ። ልጄን ጠልተሽ ከሆነ ዛሬ ንገሪኝ፣ አልቀየምሽም። በማትወደድበት ቤት ግን ልጄን አልሰጥም።»

ዳዊት መሬት መሬቱን ያያል። እኔ መሐላዬን ላፈርስ አፌን ከፈትኩ፣ ማርያም ይቅር ትበለኝ። ግን እትዬ ቀደመችኝ። ጎንበስ ብላ ካልሲዋን ራሷ ሳበችው። ያ ቀይ ጉብታ፣ ያ የተጋደመ ጣት፣ ትላንት ያበጠው ሁሉ፣ በሰው ሁሉ ፊት ወጣ። ልሸፍንላት እጄ ተነሳ። እሷ ግን እግሯን ወደ ፊት አስጠግታ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው።

«ያስቀረኝ ይኼ ነው» አለች። «ሌላ ምንም አይደለም፣ እናቴ ትሙት። ጫማ አልገባ አለኝ። በነጠላ ጫማ ደጃፋችሁን መርገጥ አፈርኩ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለልጄም። ልጅሽንማ ምን ብዬ እጠላታለሁ?» ከዚያ አለቀሰች።

ዳዊት ቀና አለ። «እማዬ፣ ብርድ መታኝ አልሽኝ እኮ።»

«አልኩህ» አለችው። «አልኩህ ልጄ።»

ተነስቶ መጣና ጎኗ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፣ ግንባሩን ትከሻዋ ላይ ደገፈ። ሽማግሌዎቹ ወደ ምሰሶው አዩ። ሰናይት ያንን እግር በሁለት እጇ አንስታ ውሃው ውስጥ አስገባችና፣ ጉብታው ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«ያምዎታል?» አለቻት።

እህቴ ለእኔ እንኳ «ደህና ነኝ» እንጂ ሌላ ብላኝ አታውቅም። «ያመኛል» አለቻት።

ወይዘሮ ብርሃኔ ከመቀመጫዋ ተነስታ መጣች። ከሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብላ እግሩን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ሰናይት» አለች፣ «ቀስ አድርገሽ እጠቢ። የእናትሽ እግር ነው።»